አርቀጥና ፋሐቃ፦ የቀይ ባሕር ትንንሽ ዓሦች ስም አወጣጥ ታሪክ

የኮራል እንስሳት ለብዙ ሺህ ዓመታት ካከማቹት የኖራ ዐፅም ተሠርተው ከውኃው ገጽ እምብዛም በማይርቁት፣ በሳይንስ አጠራር ሪፍ በሚባሉት የቀይ ባሕር ዐለቶች ላይ፣ ርዝመቱ 10 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሆነ፣ ቡናማ ገላው በነጣ ባሉ ነጠብጣቦች የተዥጐረጐረ አንድ ዓሣ ይኖራል። ሳይንሳዊ ስሙ ፓራሉቴሬስ አርቀጥ ነው። ዓሣው የሚመደብበት አስተኔ፣ ማለትም ተቀራራቢ ወገኖችን በአንድ ቤተሰብ የሚያሰባስበው ክፍል፣ በግሪክኛ «ባለ አንድ እሾህ» ከሚል ቃል ተነሥቶ ሞናካንቲዳይ ተብሏል፤ ምክንያቱም የዚህ አስተኔ ዓሦች ከዓይናቸው በላይ አንድ ጠንካራ እሾህ ስላላቸውና አደጋ ሲመጣ ይህን እሾህ አቁመው እንዳይታጠፍ መቈለፍ ስለሚችሉ ነው። ቅርፊታቸው ለዓይን በማይለዩ ደቃቅ እሾሆች የተሸፈነ በመሆኑ ቆዳቸው ሲዳሰስ ይሻክራል፤ ሲደርቅም እንጨት ለማለስለስ ያገለግል ስለ ነበር በብዙ አገሮች የዓሣው ስም ከብረት መሞረጃው መሣሪያ ጋር ተያይዟል። አማርኛ ለእነዚህ ዓሦች የተለመደ ስም ስለሌለው በዚህ ጽሑፍ ሞረድ ዓሣ ተብለው ይጠራሉ።

አርቀጥ የሚለው ቃል ላቲንም ግሪክም አይደለም። ዓረብኛ ሲሆን «ዥጕርጕር»፣ «ነጠብጣብ ያለበት» ማለት ነው። አንድ የባሕር እንስሳ በዓለም ሁሉ ቤተ መዘክሮች የሚታወቅበት ስም ከዓረብ አጥማጆች ቋንቋ መወሰዱ እንደ እንግዳ ነገር ሊታይ ይችል ይሆናል፤ ነገር ግን በቀይ ባሕር ዓሦች ጥናት ውስጥ ይህ ልማድ ከ250 ዓመታት በላይ ዕድሜ አለው፤ ታሪኩም ከምፅዋ፣ ከጎንደርና ከጣና ሐይቅ ጋር ጭምር የተሳሰረ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮስ አቈጣጠር የተሰሉ ናቸው።

ልማዱን የጀመረው ፔተር ፎርስኮል ነው። ፎርስኮል በ1732 ያኔ የስዊድን ግዛት በነበረችው በሄልሲንኪ ተወልዶ፣ ለእንስሳትና ለዕፅዋት ሁሉ በሁለት ቃል የሚጻፈውን ሳይንሳዊ ስም በሥርዐት ካስያዘው ከካርል ሊኔየስ እግር ሥር የተማረ ሰው ነበር። ዐመፀኛ ጠባይ እንደነበረውም የታወቀ ነው፤ በ1759 ስለ ዜጎች ነፃነት ያሳተማት ትንሽ መጽሐፍ በመንግሥት ትእዛዝ ተሰብስባለች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በጥር 1761 የዴንማርኩ ንጉሥ አምስተኛው ፍሬድሪክ ወደ ዐረቢያ የላከው የምርምር ቡድን የተፈጥሮ ታሪክ ባለሙያ ሆኖ ከኮፐንሃገን ተነሣ። ቡድኑ ስድስት ሰዎች ነበሩት፤ ከእነዚህ ውስጥ በ1767 ወደ ኮፐንሃገን የተመለሰው ካርስተን ኒቡር ብቻ ነው። ፎርስኮል ራሱ በሐምሌ 1763 በየመን ደጋ ባለችው በያሪም ከተማ፣ ገና በ31 ዓመቱ በወባ ሞተ።

ፎርስኮል ከመሞቱ በፊት በስዊዝ፣ በጂዳና በየመኗ ሉሐያ የሠራው ሥራ ግን ከዕድሜው ጋር የማይመጣጠን ነበር። በተለይ በ1762 መጨረሻ፣ ዛሬ ብዙ ኢትዮጵያውያን በሚኖሩባት በጂዳ፣ አጥማጆች ያወጡትን ዓሣ እያየ ክንፉን፣ ጥርሱንና መልኩን መዝግቧል፤ አጥማጆቹንም ስሙን ጠይቋል። በመልክ ምዝገባው እንደ መምህሩ ላቲን ሲጽፍ፣ ስም ላይ ሲደርስ ግን ከአጥማጆቹ አፍ የሰማውን ዓረብኛ እንዳለ በላቲን ፊደል አሰፈረው። ዛሬ በየትኛውም የዓሣ መጽሐፍ ቦሐር፣ ሐሪድ፣ ጎባን፣ ሶሐል፣ ሐምሩር፣ ሐራክና ማሕሰና የሚሉት የዝርያ ስሞች ሁሉ የመጡት ከዚያ ነው። ዝርያ የሚባለው እርስ በርሱ የሚዋለደውና ከሌላው የተለየው የእንስሳት ዓይነት ሲሆን፣ ከሁለቱ ቃላት ሁለተኛው ይህን ያመለክታል። አስፉር የተባለው ሰማያዊ ዓሣ ስሙ በዓረብኛ «ወፍ» ማለት ነው፤ ሙርጃን የተባለው ደግሞ «ኮራል» ማለት ነው። አንዳንዴም የአጥማጁ ቃል ከፍ ብሎ የወገን ስም፣ ማለትም የብዙ ዝርያዎች የጋራ መጠሪያ የሆነው የመጀመሪያው ቃል፣ እስከ መሆን ደርሷል፤ አቡደፍዱፍ ለዚህ ማስረጃ ነው። በዚህ ስም ውስጥ ያለው «አቡ» በቀጥታ «አባት» ቢሆንም በእንስሳት ስም ሲገባ የሚሰጠው ትርጕም እንደ አማርኛው «ባለ» ነው።

ፎርስኮል ዓሣን የሚያቈይበት ዘዴም ለብቻው የሚነገርለት ነው። የቡድኑ ሰዎች በሙቀትና በመንገድ ብዛት ናሙና እንደሚበላሽ ያውቁ ነበር። ስለዚህ ዓሣውን ከአፉ እስከ ጅራቱ በቁመቱ ይሰነጥቅና የአንድ ወገን ቆዳውን ከነክንፉ ገፍፎ፣ ልክ የዕፅዋት ተመራማሪ ቅጠል እንደሚያደርቀው በወረቀት መካከል ተጭኖ ያደርቀዋል፤ ሲደርቅም ወረቀት ላይ ይለጥፈዋል። 99 የሚሆኑት እነዚህ ዓሦች እስከ ዛሬ በኮፐንሃገን የእንስሳት ቤተ መዘክር ይገኛሉ። ቀለማቸው ጠፍቷል፤ ቅርፊታቸው ቢጫና ቡና ዓይነት ሆኗል፤ የክንፋቸው ጨረር ግን አንድ በአንድ ይቈጠራል። ማስታወሻዎቹን አሰናድቶ በ1775 ያሳተማቸው ከሞት የተረፈው ኒቡር ነው። ሊኔየስ በበኩሉ ለደቀ መዝሙሩ መታሰቢያ የሰጠው ስም ከዓሣ ጋር አይገናኝም፤ ልብስ ላይ ከተጣበቀ አልለቅ የሚል አንድ የበረሃ ተክል ፎርስኮሌያ ተናሲሲማ ብሎ ሰየመው። ሁለተኛው ቃል «እጅግ ግትር» ማለት ስለሆነ መምህሩ ተክሉን ብቻ አስቦ ነው የጻፈው ለማለት ይቸግራል።

ከፎርስኮል በኋላ ለግማሽ ምዕት ዓመት የቀይ ባሕርን ዓሣ የሚከታተል ተመራማሪ አልነበረም ማለት ይቻላል። በ1820 ቪልሄልም ሄምፕሪክና ክርስትያን ኤረንበርግ የተባሉ ሁለት ወጣት የበርሊን ምሁራን ወደ ግብፅ መጥተው፣ ከዚያም በቀይ ባሕር ዳርቻ እየዞሩ እጅግ ብዙ ናሙና ወደ በርሊን ላኩ፤ ሄምፕሪክ ግን በሰኔ 1825 በምፅዋ በንዳድ ሞተ። ኤረንበርግ ብቻውን ተመልሶ ስለ ቀይ ባሕር ኮራሎች የጻፈው ጥናት በዘመኑ ተወዳዳሪ አልነበረውም፤ የዓሣው ስብስብ ግን በአብዛኛው ሌሎች የገለጹት ሆኖ ቀረ።

በዚያው ዘመን ሦስተኛ ጀርመናዊ በዚሁ ባሕር ላይ ይመላለስ ነበር። ኤድዋርድ ሩፔል በ1794 በፍራንክፈርት ከባለጸጋ ቤተሰብ የተወለደ፣ የማንም መንግሥት ደመወዝ ሳያስፈልገው በራሱ ገንዘብ የሚጓዝ ሰው ነበር። የመጀመሪያ ጉዞው ከ1822 እስከ 1827 ግብፅን፣ ሲናን፣ ኑቢያንና የቀይ ባሕርን ዳርቻ ያዳረሰ ሲሆን፣ በሁለተኛው ጉዞ በ1831 ምፅዋ ደርሶ ወደ ደጋው ወጣ። ጊዜው ዘመነ መሳፍንት ነበር። ሩፔል በስሜን ተራራዎች በኩል አልፎ ጎንደር ገባ፤ የብራና መጻሕፍትን ገዝቶ ሰበሰበ፤ ወደ ፍራንክፈርት ከተመለሰ በኋላም መጻሕፍቱን ለከተማዋ ቤተ መጻሕፍት፣ እንስሳቱን ዜንከንበርግ ለሚባለው ቤተ መዘክር አበረከተ።

ሩፔል ከ1835 ጀምሮ እስከ 1840 በየክፍሉ ያሳተመው ትልቅ ሥራ ርእሱ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የአቢሲኒያ የሆኑ አዳዲስ ባለ አከርካሪ እንስሳት» የሚል ነው። በዚህ አንድ ጥራዝ ውስጥ ከራስ ዳሸን ጫፍ እስከ ምፅዋ ሪፍ ያለው ሁሉ ጐን ለጐን ተቀምጧል። ዋልያ አይቤክስ ሳይንሳዊ ስሙን ያገኘው በዚህ ሥራ ነው፤ ጭላዳም እንዲሁ። ሩፔል ለአንደኛው ዋሊ፣ ለሁለተኛው ገላዳ የሚል የዝርያ ስም ሲሰጥ ያደረገው ፎርስኮል በጂዳ ካደረገው የተለየ አልነበረም፤ እንስሳውን የሚያውቀው የአገሬው ሰው የሚጠራበትን ቃል ጆሮው እንደያዘው ጻፈ። በ1835 ስለ ጣና ሐይቅ ዓሦች ባሳተመው ሌላ ጥናት ይህ ይበልጥ ጎልቶ ይታያል። በሶ፣ ሱርኪስ፣ ነጅያና ጎርጓሪ ብሎ የሰየማቸው ዓሦች ዛሬም በዚሁ ስም በሳይንስ ይታወቃሉ፤ «ጎርጓሪ» የሚለውን ቃል ለመተርጐም አማርኛ አንባቢ መዝገበ ቃላት አያስፈልገውም። ጀርመናዊው የሐይቁን ዳር ሰዎች ቃል ሲጽፍ ከላቲን ሰዋስው ጋር ለማስማማት እምብዛም አልደከመም፤ ይህም ለታሪክ በጎ ሆኗል፤ ምክንያቱም የጽሕፈቱ መንጋደድ ራሱ ስሙ ከሰው አፍ የተሰማ መሆኑን ይመሰክራል።

የባሕሩን ዓሣ በተመለከተ ግን ሩፔል ብዙውን ጊዜ ወደ ላቲንና ግሪክ ያዘነብል ነበር። በ1829 ከቀይ ባሕር የገለጸው አንድ ፊኛ ዓሣ፣ ማለትም ሲነካ ውኃ ውጦ እንደ ፊኛ የሚነፋና በገላው ውስጥ ብርቱ መርዝ የሚይዝ ዓሣ፣ በቆዳው ላይ ባሉት የሚያበሩ ነጠብጣቦች ምክንያት ማርጋሪታታ ተባለ፤ «በሉል ያጌጠ» እንደ ማለት ነው። ስሙ ለቦታው ባዕድ አልነበረም። የዳህላክ ደሴቶች ጠላቂዎች ከጥንት ጀምሮ ከባሕሩ ወለል ሉል የሚይዘውን ዛጎል ያወጡ ነበር፤ ምፅዋም የዚህ ንግድ ገበያ ነበረች፤ ንግዱ የተዳከመው በ20ኛው ክፍለ ዘመን ጃፓኖች ሉልን በእርባታ ማምረት ከጀመሩ በኋላ ነው። በ1837 ደግሞ ሩፔል አንድ ሞረድ ዓሣ ገለጸ፤ መልኩ የንብ እንጀራ የመሰለ መረብ ያለበት በመሆኑ ነብርን በሚያመለክት የግሪክ ቃል ፓርዳሊስ ብሎ ሰየመው። ከመቶ ዓመት በላይ ቈይቶ ሌላው ሞረድ ዓሣ አርቀጥ ሲባል፣ የጥንት የዓረብ ገጣሚዎች ነብርን የሚጠሩበት ቅጽል ይኸው «አርቀጥ» ስለ ነበር፣ ሁለቱ ስሞች ከሁለት ቋንቋ መጥተው አንድ እንስሳ ላይ ይገናኛሉ።

ከሩፔል ቀጥሎ የመጣው ካርል ቤንያሚን ክሉንትሲንገር ከቀደሙት ሁሉ የሚለየው ተጓዥ ባለመሆኑ ነው። ክሉንትሲንገር ሐኪም ነበር፤ የግብፅ መንግሥት የጤና ሹም ሆኖ በኵሰይር ወደብ ከ1863 እስከ 1869፣ ዳግመኛም ከ1872 እስከ 1875 ኖረ። ኵሰይር የላይኛው ግብፅ እህል ወደ ሒጃዝ የሚጫንባትና ወደ መካ የሚሄዱ ምእመናን የሚሳፈሩባት ትንሽ ከተማ ስትሆን፣ የስዊዝ ቦይ በ1869 ተከፍቶ መርከቦች አልፈዋት መሄድ ሲጀምሩ ገበያዋ ቀዘቀዘ። ሐኪሙ በሽተኛ ሲያጣ ወደ ሪፉ ይወርዳል፤ ባሕሩ ሲሸሽ ውኃው ጉልበት እስኪደርስ በኮራሉ ላይ ይመላለሳል፤ አጥማጆች ያመጡለትንም በዓረብኛ ከነስሙ ይመዘግባል። በ1870 እና በ1871 ያሳተመው የቀይ ባሕር ዓሦች ዝርዝር ከ500 በላይ ዝርያዎችን የያዘ ሲሆን፣ በብዙዎቹ ሥር የዓረብኛው ስም ተጽፎ ይገኛል። እንዲህ ያለ ሥራ አንድ ቦታ ላይ ለዓመታት የማይቀመጥ ሰው ሊሠራው የሚችል አይደለም።

ይህን ያህል ሰው፣ ይህን ያህል ዘመን ከለፋ በኋላ ፓራሉቴሬስ አርቀጥ እስከ 1953 ስም ሳያገኝ መቈየቱ ምክንያት ይፈልጋል። አንደኛው ምክንያት የአያያዝ ነው። እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ተመራማሪ ዓሣ የሚያገኘው ከአጥማጅ እጅ ነበር፤ አጥማጅ ደግሞ የሚይዘው የሚበላውንና የሚሸጠውን ነው። ትንንሾቹ ሞረድ ዓሦች አፋቸው እጅግ ጠባብ ስለሆነ መንጠቆ አይውጡም፤ ገላቸው ከጐን የተጨፈለቀ በመሆኑ በመረብ ቀዳዳ ይሾልካሉ፤ ሲደነግጡም መረብ በማይዘረጋበት በኮራሉ ቅርንጫፍ መካከል ይወሸቃሉ። ሁለተኛው ምክንያት የዓሣው ተንኰል ነው። አርቀጥ መርዝ የለውም፤ ነገር ግን ሩፔል ማርጋሪታታ ያለውን መርዛም ፊኛ ዓሣ በመልክ፣ በመጠንና በአዋዋኝ ሁኔታ እጅግ አድርጎ ይመስለዋል። ይህ ሳይንስ ማስመሰል የሚለው ጠባይ ሲሆን፣ ትርጕሙም ራሱን መከላከል የማይችል እንስሳ አዳኞች የሚፈሩትን ሌላ እንስሳ መልክ መያዙ ነው። ሁለቱን ለመለየት የሚረዳው ክንፋቸው ነው፤ የፊኛው ዓሣ የጀርባና የሆድ ክንፍ ከሥሩ አጭር ሆኖ እንደ ማራገቢያ ሲርገበገብ፣ የሞረድ ዓሣው ግን ከሥሩ ረጅም ሆኖ እስከ ጅራቱ አቅራቢያ ይዘረጋል፤ ከዓይኑ በላይ ያለችው እሾህም ከተመለከቷት አለች፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን ታጥፋ በጀርባው ላይ ተኝታለች። ማርጋሪታታ ከተገለጸ እስከ አርቀጥ ድረስ ያለፉት 124 ዓመታት ሲታሰቡ፣ ማስመሰሉ ከአዳኝ ዓሦች ሌላ የሰብሳቢዎችን ዓይንም ሳያሳስት አልቀረም።

ሁኔታው የተለወጠው ሰው በመስታወት መነጽር ውኃ ውስጥ ሆኖ ማየት ሲጀምር ነው። ኦስትሪያዊው ሃንስ ሃስ በ1949 እና በ1950 በሱዳን ወደብ አካባቢ ጠልቆ ያነሣው ፊልም የቀይ ባሕርን ሪፍ ሕይወት ለአውሮፓ ተመልካች አሳየ፤ ጣልያናውያን ደግሞ በ1952 እና በ1953 በዳህላክ ደሴቶች ጠልቀው የሠሩት «ስድስተኛው አህጉር» የተባለ ባለ ቀለም ፊልም በ1954 ታየ። ተመራማሪዎቹም ከጀልባ ላይ መጠበቅን ትተው ወደ ሪፉ ወረዱ። በኮራል ስንጥቅ የሚደበቁትን ለማውጣት በዚያ ዘመን ከተለመዱት ዘዴዎች አንዱ ሮተኖን የተባለውን ከዕፅዋት ሥር የሚወጣ መርዝ ውኃ ውስጥ መበተን ነበር፤ ይህ ንጥረ ነገር በኢትዮጵያ ወንዞች ዓሣ ለማስከር በሚወቀጠው በብርብራ ዘር ውስጥም ያለ ስለሆነ፣ ለኢትዮጵያውያን አጥማጆች አዲስ ነገር ሊባል አይችልም።

በዚህ አዲስ ዘመን ከአርቀጥ ቀድማ ስም ያገኘችው ሞረድ ዓሣ ሌላ ናት። በ1948 እና በ1949 ማኒሂን የተባለች የግል መርከብ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎችን ይዛ ወደ ዓቀባ ባሕረ ሰላጤ ተጓዘች፤ ባለቤቷ ሜጀር ሆል መርከቧን ለሳይንስ ሥራ የፈቀደ ሰው ነበር። የለንደኑ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ባለሙያ ኖርማን ማርሻል የጉዞውን ዓሦች ሲገልጽ፣ በ1952 ከመካከላቸው አንዷን ኦክሲሞናካንቱስ ሃሊ ብሎ ሰየማት። ርዝመቷ 7 ሳንቲ ሜትር ያህል የሆነች፣ አፏ እንደ ጡት የሾለ፣ አረንጓዴ ሰማያዊ ገላዋ ላይ ብርቱካንማ ነጠብጣቦች የተደረደሩላት ይህች ዓሣ በቀይ ባሕር ብቻ ትገኛለች። የምትኖረው ከባልንጀራዋ ጋር ጥንድ ሆና ሲሆን፣ የምትመገበውም አክሮፖራ የተባለውን ቅርንጫፋም ኮራል እንስሳት አንድ በአንድ እየነቀሰች ነው። በሕንድና በሰላማዊ ውቅያኖስ የምትኖረው እኅቷ፣ በ1801 ሎንጊሮስትሪስ ተብላ የተሰየመችው፣ ከዚህም አልፋ የምትበላውን ኮራል ጠረን ስለምትይዝ አዳኝ ዓሦች በማሽተት ለይተው ሊያገኟት እንደሚቸገሩ በ2014 የታተመ ጥናት አሳይቷል። እንዲህ በአንድ ምግብ ላይ መተማመን ዋጋ አለው፤ በ1998 ባሕሩ ከመጠን በላይ ሞቆ በጃፓን ኦኪናዋ ኮራሉ ነጥቶ ሲሞት፣ የሎንጊሮስትሪስ ቍጥር በእጅጉ አሽቈለቈለ።

ስሙን ስንመለከት፣ ሃሊ ማለት «የሆል» ማለት ነው። ጉዞን ለደገፈ ሰው በስሙ ዓሣ መሰየም በአውሮፓ ቤተ መዘክሮች የተለመደ የምስጋና መንገድ ነው፤ ነውርም የለበትም። ይሁን እንጂ ፎርስኮል ጂዳ ላይ ከጠየቃቸው አጥማጆች ልማድ ያለው ርቀት ከስሙ ላይ ይነበባል። ሃሊ ባለ መርከቡን ያስታውሳል፤ ስለ ዓሣዋ የሚናገረው ነገር የለም።

በዚያው ሰሞን በግብፅ ዳርቻ፣ ዛሬ ሁርጋዳ በምትባለው በገርደቃ፣ በካይሮው ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚተዳደር የባሕር ሕይወት ጥናት ጣቢያ ነበር። የመጀመሪያው ዳይሬክተር ሲሪል ክሮስላንድ የሚባል እንግሊዛዊ ሲሆን፣ ከዚያ በፊት በሱዳን ዶንጎናብ የሉል ዛጎል እርባታ ይመራ ነበር። እርሱን የተኩት ግብፃዊው ሐሚድ ጎሐር ናቸው። ጎሐር ኋላ ላይ በግብፅ ቴሌቪዥን «ዓለመል ቢሓር» በሚል ፕሮግራም የባሕርን ሕይወት ለሕዝብ በማስተማር እጅግ የታወቁ ሰው ሆነዋል። በ1951 ወደዚህ ጣቢያ አሜሪካዊቷ ዩጂኒ ክላርክ በፉልብራይት የትምህርት ድጋፍ መጣች። ክላርክ ከሁለት ዓመት በፊት በሚክሮኔዥያ ደሴቶች መርዛማ ዓሦችን ስትሰበስብ የቈየች፣ በመነጽርና በጦር እየጠለቀች መያዝን ከደሴቶቹ አጥማጆች የተማረች ሴት ነበረች። ለገርደቃ ሥራዋ የመረጠችው መስክም ፊኛ ዓሦችንና ሞረድ ዓሦችን በአንድነት የሚይዘው ክፍለ መደብ ነው፤ በዘመኑ አጠራር ፕሌክቶግናቲ ሲባል፣ የመንጋጋቸው አጥንት የተጋጠመ መሆኑን ያመለክታል።

ክላርክና ጎሐር በጋራ ያዘጋጁት የዚህ ክፍለ መደብ ጥናት በ1953 በጣቢያው ስም ታተመ። በዚህ ሥራ ውስጥ ሁለት ትንንሽ ሞረድ ዓሦች አዲስ ስም አገኙ። አንደኛው አርቀጥ ነው። ሁለተኛው ከእርሱም የሚያንስ፣ ከሞረድ ዓሦች ልማድ ወጣ ብሎ ሆዱን መንፋት የሚችል ዓሣ ሲሆን፣ ፋሐቃ ተባለ፤ ፋሐቃ ማለት ግብፃውያን በዓባይ ወንዝ የሚኖረውን ፊኛ ዓሣ የሚጠሩበት ቃል ነው። ሁለቱም ስሞች ለዓሣው ባሕርይ ትክክል ናቸው፦ አንዱ ዥጕርጕር፣ ሌላው እንደ ፋሐቃ የሚነፋ። ስሞቹ ዓረብኛ የሆኑበት ምክንያት ለመገመት አይከብድም። ከሁለቱ ጸሐፊዎች አንዱ የአገሩ ሰው፣ ቋንቋውም ዓረብኛ ነበር፤ በፎርስኮል ጊዜ ተጠያቂ የነበረው ወገን አሁን ጥናቱን ከሚፈርሙት አንዱ ሆነ። በ190 ዓመት ውስጥ በቀይ ባሕር ዓሣ ጥናት ላይ ከታዩት ለውጦች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የደቡቡ ቀይ ባሕር በዚህ መልኩ የተጠናው ዘግይቶ ነው። በ1962፣ ዳግመኛም በ1965፣ የእስራኤል ተመራማሪዎች ያኔ በኢትዮጵያ ሥር ወደ ነበሩት፣ ከመቶ በላይ ወደሚሆኑት የዳህላክ ደሴቶች ተጕዘው ሰፊ ስብስብ አድርገዋል። ከመጀመሪያው ጉዞ ከተገኙት ዓሦች ውስጥ የጎቢን ነገድ፣ ማለትም በአሸዋና በጕድጓድ የሚኖሩትን ጣት የማያህሉ ዓሦች፣ መርምራ ያሳተመችው ያቺው ዩጂኒ ክላርክ ናት። ሩፔል በምፅዋ ከሠራ ከ130 ዓመታት በኋላ የአቅራቢያው ሪፍ ገና ያልተጻፈ ብዙ ነገር ነበረው።

የሳይንሳዊ ስም ሕግ በዚህ ሁሉ ላይ አንድ አስገራሚ ልዩነት ያደርጋል። ላቲን የሆነ ቅጽል ዓሣው ከአንድ ወገን ወደ ሌላ ሲዛወር እንደ ወገኑ ስም ጾታ መጨረሻው ይለወጣል፤ ሩፔል በ1829 ማርጋሪታቱስ ብሎ የጻፈው ፊኛ ዓሣ ዛሬ ማርጋሪታታ የሚባለው በዚህ ምክንያት ነው። ከሌላ ቋንቋ የተወሰደ ቃል ግን ላቲን ስላልሆነ አይረባም፤ ገላዳ፣ ጎርጓሪ፣ ቦሐር፣ ፋሐቃ፣ ሁሉም መጀመሪያ በተጻፉበት ፊደል ይኖራሉ። አርቀጥም ነገ ሌላ ተመራማሪ ተነሥቶ ከፓራሉቴሬስ አውጥቶ የትም ቢመድበው፣ የመጀመሪያው ቃል እንጂ ሁለተኛው አይነካም።